አልትራሳውንድ «የሐሞት ከረጢት ግድግዳ ወፍሯል» ሲል ኦፕሬሽን ያስፈልጋል ማለት ነው?

ዓይን ቢጫ ሆኗል፣ ሽንት የጠቆረ ሻይ መስሏል፣ ምግብ ገና ሲሸት ያቅለሸልሻል፣ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ያማል። ሐኪሙ አልትራሳውንድ ያዛል። ውጤቱ ላይ «ጎልብላደር ዎል ቲክኒንግ» የሚል ተጽፏል፤ የሐሞት ከረጢት ግድግዳ ወፍሯል ማለት ነው። ወዲያው ቤተሰብ መደዋወል ይጀምራል። «ሐሞቱ ነው፣ ቶሎ ይውጣለት» ይባላል፣ ገንዘብ ይሰባሰባል።

ቆይ! እዚህ ጋ ማወቅ ያለብን ነገር አለ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ታማሚ ላይ ችግሩ ጉበት ላይ እንጂ ሐሞት ከረጢት ላይ አይደለም። በተለምዶ «የወፍ በሽታ» የምንለው፣ በቫይረስ የሚመጣው የጉበት ብግነት (ሄፓታይተስ) ሐሞት ከረጢትንም ያሳብጣል።

ለምን ያብጣል?

ሐሞት ከረጢት ጉበት ሥር ተለጥፎ የሚገኝ ትንሽ ከረጢት ነው። ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው፣ ከረጢቱ ማጠራቀሚያ ብቻ ነው። ምግብ ባልበላ ጤነኛ ሰው ላይ ግድግዳው እስከ 3 ሚሊሜትር ነው። ጉበት በቫይረስ ሲቆጣ ግን ብግነቱ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል፣ ጉበት የሚያመነጨው ሐሞትም ይቀንሳል። ስለዚህ ከረጢቱ ባዶ ሆኖ ይኮማተራል፣ ግድግዳው ውኃ ቋጥሮ ያብጣል። አንዳንዴ ከ10 ሚሊሜትር በላይ ይደርሳል። ዙሪያውን ትንሽ ፈሳሽ፣ ውስጡ ደግሞ ዝቃጭ ሊታይ ይችላል። ወረቀቱን ላነበበ ሰው ያስደነግጣል፣ ግን ጉበቱ ሲያገግም አብሮ ይጠፋል።

ከእውነተኛው የሐሞት ከረጢት ብግነት በምን ይለያል?

1. ጠጠር፦ አብዛኛውን ጊዜ የሐሞት ከረጢት ብግነት የሚመጣው ጠጠር መውጫውን ሲዘጋ ነው። በሄፓታይተስ ግን ጠጠር ላይኖር ይችላል።

2. መጠን፦ መውጫው የተዘጋ ከረጢት ይነፋል፣ ይወጠራል። በሄፓታይተስ ብዙውን ጊዜ የተኮማተረ ነው።

3. ሕመም፦ መሣሪያው በትክክል ከረጢቱ ላይ ሲጫን ብቻ ስለታም ሕመም ካለ ሐሞት ከረጢቱ ይጠረጠራል። በሄፓታይተስ ሕመሙ ጉበቱን ሙሉ የሚሸፍን፣ ደብዘዝ ያለ ነው።

4. ደም ምርመራ፦ ትልቁ ፍንጭ ይሄ ነው። ኤኤልቲ (አንዳንድ ላብራቶሪ ኤስጂፒቲ ይለዋል) የሚባለው የጉበት ኢንዛይም ጤነኛ ሰው ላይ ከ40 ብዙም አይርቅም። በአጣዳፊ ሄፓታይተስ በብዙ መቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ይቆጠራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ፦ በብዙ ክሊኒኮች ቶሎ የሚገኘው የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ ነው። ሁለቱም «ነጌቲቭ» ሆኑ ማለት ሄፓታይተስ የለም ማለት አይደለም። በተበከለ ውኃና ምግብ የሚተላለፉት ኤ እና ኢ አሉ። ኢ በ2014 እ.ኤ.አ. ጋምቤላ በሚገኙ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጠለያዎች ተከስቶ ነበር፤ በተለይ ለነፍሰ ጡር እናቶች ገዳይ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ኦፕሬሽን ቢደረግ ምን ችግር አለው?

አለው እንጂ! ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕሮቲኖች የሚሠራው ጉበት ነው። በተቆጣ ጉበት ላይ ማደንዘዣና ቀዶ ሕክምና ሲጨመር ደም መፍሰስና የጉበት ሥራ ማቆም ሊከተል ይችላል። ማለትም ዕረፍት፣ ፈሳሽና ክትትል የሚበቃው ሰው ሳያስፈልገው ለሞት ይጋለጣል።

ይሄ ማለት ግን ሁሌም «ዝም ብሎ ያልፋል» ማለት አይደለም። አልፎ አልፎ ሄፓታይተስ ያለበት ሰው እውነተኛ የሐሞት ከረጢት ብግነትም ሊይዘው ይችላል። የልብ ድካም፣ የቆየ የጉበት ጠባሳና የደንጊ ትኩሳትም ግድግዳውን ያወፍራሉ። ውሳኔው የሐኪም ነው፣ ወረቀቱ ብቻውን አይወስንም።

እናንተ ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

• ለአልትራሳውንድ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሳትበሉ ሂዱ። ከበላችሁ ከረጢቱ ስለሚኮማተር ጤነኛው ግድግዳም ወፍራም ይመስላል።
• ሐኪሙን ጠይቁ፦ «ጠጠር አለ ወይ? የሐሞት ቱቦው ሰፍቷል ወይ? የጉበት ኢንዛይሙ ስንት ነው?»
• አልኮል አቁሙ። ለወፍ በሽታ ተብለው የሚሰጡ ሥራ ሥሮችን አትውሰዱ፣ የተጎዳ ጉበትን ሊጨርሱት ይችላሉ። ፓራሲታሞልም ቢሆን ሐኪም ሳታማክሩ አትዋጡ።
• መቀባዠር፣ ከልክ ያለፈ እንቅልፍ፣ ከድድ ወይም ከአፍንጫ መድማት፣ የማያቆም ትውከት ካለ፣ ወይም ታማሚዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱ።

ይህ ጽሑፍ የሐኪም ምክርን አይተካም። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ አልትራሳውንድ የታዘዘለት ሰው የምታውቁ ከሆነ ግን ዛሬውኑ አጋሩት።