«ምንም ከሌለ ለምን ይጻፋል?»
ስለ ዜሮ ጥቂት እንወቅ

አንድ ማታ በመማሪያ ጣቢያችን ከ1 እስከ 9 ያሉትን ቁጥሮች ጨርሰን፣ በጥቁር ሰሌዳው ላይ 0 ጻፍኩ። «ይህ ዜሮ ይባላል፤ ባዶ፣ ምንም የለም ማለት ነው» አልኩ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አነሱና፣ «ልጄ፣ ምንም ከሌለ ለምን ይጻፋል? የሌለ ነገር እንዴት ይቆጠራል?» አሉኝ። ተማሪው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ መልሱ ወዲያው አልመጣልኝምና። ጥያቄው የጥንት ሊቃውንትንም ለብዙ ዘመን ያስቸገረ ነው። እስቲ አብረን እንየው።

ዜሮ ሁለት ሥራ አለው። የመጀመሪያው ቦታ መጠበቅ ነው። በግዕዝ ቁጥር ሃያ አምስት ፳፭፣ ሁለት መቶ አምስት ደግሞ ፪፻፭ ተብሎ ይጻፋል። መቶ የራሱ ምልክት ስላለው ባዶ የሚቀር ቦታ የለም፤ ስለዚህ የግዕዝ ቁጥር ዜሮ አላስፈለገውም። በገበያና በደረሰኝ ላይ የምናያቸው ቁጥሮች ግን ዋጋቸው በተቀመጡበት ቦታ ይወሰናል። 205 ኪሎ ጤፍ ማለት ሁለት ኩንታል ከአምስት ኪሎ ነው። መካከል ላይ ያለው ዜሮ «በአሥር ቤት ምንም የለም፣ ቦታው ግን ይጠበቅ» ይለናል። ዜሮውን ብንረሳው 25 ይሆናል። ጎተራው ሳይነካ 180 ኪሎ እህል ወረቀት ላይ ጠፋ ማለት ነው!

የባቢሎን ጸሐፊዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት ለእንዲህ ያለው ባዶ ቦታ ምልክት ያደርጉ ነበር። ነገር ግን እንደ ሌላው ቁጥር አልደመሩትም፣ አልቀነሱትም።

ሁለተኛው የዜሮ ሥራ ራሱ ቁጥር መሆን ነው። ይህን በሕግ አድርጎ የጻፈው የሕንዱ ሊቅ ብራህማጉፕታ ነው፤ ዘመኑም በአውሮፓ አቆጣጠር 628 ነበር። ቁጥር ከራሱ ላይ ሲቀነስ ዜሮ ይሆናል፤ ዜሮ ቢደመርበት አይለወጥም፤ በዜሮ ቢባዛ ዜሮ ይሆናል አለ። ከዜሮ በላይ ያለውን ሀብት፣ ከዜሮ በታች ያለውን ደግሞ ዕዳ ብሎ ጠራው።

ይህ ለገበሬ ሩቅ ነገር አይደለም። አንድ ሰው 80 ብር ዕዳ አለበት እንበል። በግ ሸጦ 80ውን ብር ከፈለ። አሁን ስንት ብር ቀረው? ዜሮ። ታዲያ ምንም አልሆነለትም? ሆነለት እንጂ! ትናንት ከዜሮ በታች ነበር፤ ዛሬ ዜሮ ላይ ቆመ። እንዲሁም ጎተራውን ከፍቶ አይቶ «ዜሮ ኩንታል» ያለ ሰውና ሳያይ «እኔ እንጃ» ያለ ሰው አንድ አይደሉም። ዜሮ «ስንት?» ለሚለው ጥያቄ የተሟላ መልስ ነው። ቁጥር ያሰኘውም ይኸው ነው።

ዜሮ የማይቀበለው አንድ ነገር አለ፤ በእሱ ማካፈል አይቻልም። 12 ኩንታል ለ4 ሰው ሲካፈል 3 ይደርሳል፤ 3 በ4 ሲባዛ 12 ነውና። 12 ለ0 ሲካፈልስ? በዜሮ ተባዝቶ 12 የሚሆን ቁጥር ከየት ይመጣል? የለም። ዜሮ ለዜሮ ሲካፈልስ? ብራህማጉፕታ ዜሮ ነው ብሎ ነበር፤ እዚህ ላይ ተሳስቷል። ማንኛውም ቁጥር በዜሮ ሲባዛ ዜሮ ስለሚሆን፣ ሁሉም መልስ ልክ ሊሆን ነው። ሁሉም ልክ ከሆነ ደግሞ መልስ የለውም ማለት ነው።

ከሕንድ የተነሳው ይህ አቆጣጠር ባግዳድ ደረሰና በ9ኛው መቶ ዓመት አል ኽዋሪዝሚ የተባለው ሊቅ ጻፈበት። ዓረቦች ባዶውን «ሲፍር» አሉት፤ ዜሮ የሚለው ቃል የመጣው ከዚህ ነው። በ1202 ፊቦናቺ የተባለ የጣሊያን ሰው በመጽሐፉ ለአውሮፓ ነጋዴዎች አስተማረው። ቢሆንም በ1299 የፍሎረንስ ከተማ የገንዘብ መንዛሪዎች ማኅበር አባሎቹ በመዝገባቸው ላይ በእነዚህ ቁጥሮች እንዳይጠቀሙ ከለከለ። ገንዘቡን በፊደል ጻፉ አለ።

ይህን ለተማሪዎቹ ስነግራቸው እኒያ አባት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲህ ገባኝ» አሉ። «ድሮ 30 ብር ተበድሬ በጣቴ ፈረምኩ። መክፈያው ሲደርስ ወረቀቱ 300 ይላል ተባልኩ። ማን ያንብብልኝ? ጥማድ በሬዬ ተሸጠ። ለካስ የወሰደብኝ ይህ ምንም የለም ያልከኝ ክብ ነው!»

በዚያ ማታ ማንም አልሳቀም። ዜሮ ብቻውን ባዶ ነው፤ ከ30 ቀጥሎ ሲቆም ግን የ270 ብር ጉልበት አለው።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ በወረቀት ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ዜሮዎቹን ቁጠሩ። ገንዘቡን በቁጥር ብቻ ሳይሆን በፊደልም «ሠላሳ ብር ብቻ» ብላችሁ አስጽፉ። ከቁጥሩ ጎን ባዶ ቦታ አትተዉ፣ ሰረዝ አድርጉበት።

ለመለማመጃ፦
1. አራት መቶ ሰባትን በግዕዝና በተለመደው ቁጥር ጻፉ። ዜሮ ያስፈለገው የትኛው ነው?
2. 60 ብር ዕዳ ያለበት ሰው 45 ብር ቢከፍል፣ ዜሮ ላይ ለመድረስ ስንት ብር ይቀረዋል?
3. 1006 ላይ ሁለቱ ዜሮዎች ቢጠፉ ስንት ይሆናል? ምን ያህልስ ጎደለ?