ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ለማተም የወረቀትና የማተሚያ አመራረጥ

ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ከባለ ኅብሩ ይልቅ ለማተም የቀለለ መስሎ ይታያል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በባለ ኅብር ፎቶግራፍ ላይ ጥቂት አረንጓዴ ቢበዛ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል፤ በግራጫ ፊት ላይ ሲሆን ግን ወዲያው ይታወቃል። የሟች አባቱን ፎቶግራፍ አሳድጎ ሊሰቅል ያዘዘ ደንበኛ፣ ፊቱ አረንጓዴ የመሰለውን ሥራ አልቀበልም ቢል እውነት አለው፤ ኪሳራውም የባለሱቁ ይሆናል።

እንዲህ ያለ ጉድለት ሲደርስ የሚወቀሰው ማተሚያው ነው። ይሁን እንጂ ምክንያቱ አዘውትሮ የወረቀቱ፣ የቀለሙና በኮምፒዩተሩ ላይ የተመረጠው ማስተካከያ አለመስማማት ነው።

በቀለም ረጪ ማተሚያ፣ ማለት በኢንክጄት፣ የሚታተምበት የፎቶግራፍ ወረቀት በሦስት ሊመደብ ይችላል። አንደኛው በፕላስቲክ የተለበጠው አንጸባራቂ ወረቀት ነው፤ ጥቁሩ ጠልቆ ይታይበታል፣ ዋጋውም ይረክሳል። ሁለተኛው ባሪታ የሚባለው፣ ባርየም ሰልፌት የተቀባው ሲሆን፣ በጨለማ ክፍል ይታጠብ የነበረውን የቀድሞ ፎቶግራፍ ይመስላል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ከጥጥ የሚሠራው የማያንጸባርቅ ወረቀት ነው፤ መልኩ ለስላሳ ነው፣ ጥቁሩ ግን እንደ አንጸባራቂው አይጠልቅም። የጽሕፈት ቤት ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ያህል ሲመዝን፣ የፎቶግራፍ ወረቀት ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 310 ግራም ይመዝናል። ሆኖም ክብደት ውፍረትን እንጂ ጥራትን አይመሰክርም፤ ጥቁሩን የሚያጠልቀው በላዩ የተቀባው ልባጥ ነው።

በፒግመንት ቀለም የሚሠሩ ብዙ ማተሚያዎች ሁለት ጥቁር አሏቸው፤ አንዱ ለአንጸባራቂ፣ ሌላው ለማያንጸባርቅ ወረቀት የተዘጋጀ ነው። የኋለኛው በአንጸባራቂ ወረቀት ላይ ቢረጭ አይያዝም፤ በጣት ሲነካ ይለቃል። የትኛው ጥቁር በምን መጠን እንደሚረጭ የሚወስነው በኮምፒዩተሩ ላይ የሚመረጠው የወረቀት ዐይነት ስለ ሆነ፣ በግምት መምረጥ ወረቀትንም ቀለምንም ማባከን ነው።

አንድ ጥቁር ብቻ ያላቸው ማተሚያዎች ግራጫውን የሚሠሩት ሲያን፣ ማጀንታና ቢጫ ጨምረው ነው፤ አረንጓዴው ወይም ሮዙ መልክ የሚመጣውም ከዚህ ነው። በጥቁር ብቻ ቢታተም ይህ ይወገዳል፤ ነገር ግን በፈካው ክፍል ላይ ነጠብጣቡ ይታያል። ኤፕሰን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ያወጣው አር2400 የተባለው ማተሚያ ጥቁሩን ከጥቁር እስከ ፈዛዛ ግራጫ በሦስት ደረጃ በመክፈሉ ችግሩን አቃልሎታል። ስለዚህ አስመጪው ማተሚያ ከማዘዙ በፊት ስንት ግራጫ ቀለም እንዳለው መጠየቅ ይገባዋል።

ወረቀትም በብዛት ከመግዛት አስቀድሞ አንድ እሽግ መሞከር ይበጃል። ከነጭ እስከ ጥቁር በደረጃ የተሠራ የግራጫ ሰሌዳ ታትሞ፣ አንድ ቀን ከደረቀ በኋላ፣ በፀሐይም በመብራትም ይመርመር፤ በአንዱ ብርሃን ንጹሕ ግራጫ የነበረው በሌላው ሊለወጥ ይችላልና። እጅግ የነጣው ወረቀት የማንጫ ኬሚካል ሊኖርበት ስለሚችልና ከዓመታት በኋላ ስለሚወይብ፣ ለመታሰቢያ ሥራ ይህ የሌለበት ይመረጣል። በክረምትም እሽጉ ተከፍቶ እንዳይቀመጥ ያስፈልጋል፤ እርጥበት የገባው ወረቀት ይቆለመማል።

ፈተናውን ያለፈው ወረቀት ከነማስተካከያው በመዝገብ ቢያዝ፣ ባለሱቁም ወረቀቱን ሲሸጥ ይህንኑ ለገዢው ጽፎ ቢሰጠው፣ የሚመለሰው ዕቃ ይቀንሳል፤ ደንበኛውም ደግሞ ይመጣል።