የብሪታንያን አዳኝ አዕዋፍ በክንፋቸው ስለ መለየት

በብሪታንያ ጋዜጦች ላይ በየጊዜው ደጋግሞ የሚወጣ አንድ ወሬ አለ፤ ይኸውም በአንድ የእንግሊዝ ከተማ ዳርቻ፥ ከቤቶች ጣራ በላይ፥ ንስር ሲያንዣብብ ታየ፥ ትንንሽ ውሾች ያሏቸውም ሰዎች ይጠንቀቁ የሚል ነው። ከወሬው ጋር የታተመውን ፎቶግራፍ ትኵር ብሎ ለተመለከተ ሰው ግን ያ ንስር የተባለው አብዛኛውን ጊዜ በዛርድ የሚባለው፥ ክብደቱ አንድ ኪሎ ገደማ የሆነ፥ የሜዳ አይጥና የጥንቸል ግልገል እያደነ፥ ዝናብ በዘነበም ጊዜ ከእርሻ ላይ የመሬት ትል እየለቀመ የሚያድር ወፍ ነው። አንድ ኪሎ የሚመዝን ፍጥረት ውሻ አንሥቶ ሊበርር እንደማይችል ለመረዳት ብዙ ትምህርት አያስፈልግም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ወሬ ሕዝቡን በከንቱ ከማስፈራቱም በላይ፥ በመርዝና በጠመንጃ ለብዙ ዘመን የተሳደዱትን አዕዋፍ እንደ ገና ለጥላቻ አሳልፎ የሚሰጥ ስለ ሆነ፥ በዝምታ ሊታለፍ አይገባውም።

ሰዎች የሚሳሳቱት መጠንንና ቀለምን በማመናቸው ነው። በባዶ ሰማይ ላይ ዐይን የሚያመዛዝንበት ነገር የለውም፤ የክንፉ ስፋት 1.2 ሜትር የሆነ በዛርድ በ100 ሜትር ርቀት ላይ ሲታይ፥ ክንፉ 2.1 ሜትር የሆነው ወርቃማ ንስር በ175 ሜትር ርቀት ላይ የሚታየውን ያህል ይሆናል። ቀለሙም ቢሆን በዛርድ ለነጭ ከቀረበው ጀምሮ እስከ ጥቁር ቡና ድረስ ስለሚለያይ ምስክርነቱ የታመነ አይደለም። በስኮትላንድ መንገዶች ዳር በእንጨት ምሰሶ ላይ የሚቀመጠውን በዛርድ የአገሩ ሰዎች «የጎብኚዎች ንስር» ብለው የሚጠሩትም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ አዳኝ ወፍን በሩቁ ለመለየት የሚሻ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ክንፉ እንዴት ያለ እንደ ሆነና ወፉም እንዴት አድርጎ እንደሚይዘው ነው፤ የወፉ አኗኗር በክንፉ ላይ ይነበባልና። ወፍ በአየር ላይ የሚቆመው ከክንፉ በታች ያለው ግፊት ከላይ ካለው ስለሚበልጥ መሆኑን ሁሉም በትምህርት ቤት ተምሮታልና አልዘገይበትም፤ ጥቂቶች ብቻ የሚያስተውሉት በክንፉ ጫፍ ላይ የሚሆነውን ነው። ከታች የተገፋው አየር፥ ግድቡ ያለቀበትን ስፍራ አግኝቶ እንደሚያፈተልክ የመስኖ ውኃ፥ ጫፉን ዞሮ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ሲሸሽም ከወፉ በስተኋላ ታላቅ ሽክርክሪት ይፈጥራል፥ ያንንም ሽክርክሪት የሚያዞረው ኀይል ከወፉ ከራሱ ላይ የሚቀነስ ነው። በውቅያኖስ ላይ የሚኖሩት እነ አልባትሮስ ክንፋቸው እጅግ ረዥምና ጠባብ በመሆኑ ይህ ኪሣራ አንሶላቸዋል፤ በዛርድና ንስር ግን ከዛፍ ቅርንጫፍ ድንገት መነሣት፥ በጠባብም የሞቀ አየር ዓምድ ውስጥ እየዞሩ መውጣት ግድ ስለሚሆንባቸው፥ እንዲህ ያለው ርዝመት አይመቻቸውም። ስለዚህ ሰፊውና አጠር ያለው ክንፋቸው በጫፉ ላይ ተለያይቶ ይከፈታል፤ ተመልካቾች ጣቶች የሚሏቸው እነዚህ ላባዎች አንዱ ከሌላው ከፍና ዝቅ ብለው ስለሚቆሙና እያንዳንዳቸውም የየራሳቸውን ትንሽ ሽክርክሪት ስለሚሠሩ፥ ያ አንድ የነበረው ታላቅ ሽክርክሪት ተበታትኖ ይደክማል። አሜሪካዊው ሊቅ ቫንስ ታከር በ1990ዎቹ ዓመታት ሃሪስ ሆክ የተባለውን አዳኝ ወፍ በነፋስ ዋሻ ውስጥ እያበረረ ባደረገው ምርመራ፥ ጫፉ በጣቶች የተከፈተ ክንፍ፥ ጫፉ ከተከረከመው ይልቅ የአየርን ጐታችነት እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ይሁን እንጂ ከአንድ ወገን ወፍ የተገኘውን ማስረጃ ለሁሉ ማስፋት ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፥ የጣቶቹ ዋና ጥቅም በመነሣትና በዝግታ በመብረር ጊዜ ነው የሚለውም አሳብ ቀላል ተቃውሞ አይደለም።

ከጣቶቹ ቀጥሎ የክንፉ አያያዝ ይመጣል። በዛርድ ሲያንዣብብ ክንፎቹን ከትከሻው ጥቂት ወደ ላይ ስለሚያነሣ ፊት ለፊት ሲታይ የተዘረጋ የላቲን ፊደል ቪ ይመስላል፤ ነፋስ ወደ አንድ ወገን ባዘነበለው ጊዜ ዝቅ ያለው ክንፍ አየሩን ይበልጥ ስለሚቀበል፥ ወፉ ሳይደክም ይቃናል። ወርቃማው ንስር ክንፉን እንዲሁ ቢይዝም፥ እንግሊዝ ውስጥ በሌክ ዲስትሪክት ይኖር የነበረው የመጨረሻው ወንድ ከ2015 ወዲህ አልታየም። ሬድ ካይት ደግሞ ክንፉን ወደ ታች አጕብጦ፥ ሹካ መሰል ጅራቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያጠማዘዘ ይቀዝፋል። ባለ ነጭ ጅራቱ ንስር ግን እስከ 2.4 ሜትር የሚደርሰውን ክንፉን ዝርግ አድርጎ ይይዛል፤ ይህ ወፍ በ1918 ከብሪታንያ ከጠፋ በኋላ፥ በ1975 ከኖርዌይ ወደ ረም ደሴት፥ በ2019ም ወደ ዋይት ደሴት እንዲመለስ ስለ ተደረገና ወጣቶቹም ርቀው ስለሚዘዋወሩ፥ ከደቡብ እንግሊዝ የሚመጣን የንስር ወሬ ሁሉ ሳይመረምሩ ሐሰት ማለትም አይገባም።

ክንፉ የሾለና ጣት የማይታይበት ወፍ የፋልከን ወገን ነው። በኖርዊች፥ በደርቢና በሶልዝበሪ ካቴድራሎች ላይ የሚራባው ፔሬግሪን የዚህ ወገን ነው፤ በአውራ ጎዳና ዳር ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ፥ ነፋሱ ወደ ኋላ በሚገፋው ልክ ወደ ፊት እየበረረ፥ ራሱን ሳያነቃንቅ በአንድ ስፍራ የሚቆመው ኬስትረልም እንዲሁ። ብዙ ሰዎች ከኬስትረል ጋር የሚያምታቱት ስፓሮውሆክ ግን በዛፎች መካከል ለመተጣጠፍ የሚያመች አጭርና ክብ ክንፍ፥ ረዥምም ጅራት አለው፤ ጥቂት ጊዜ ክንፉን መትቶ ይንሳፈፋል፥ እንደ ገናም ይመታል። ቀድሞ እነዚህን ሁሉ በአንድ ነገድ ይቈጥሯቸው ነበር፤ በ2008 የወጣ ሰፊ የዘር ምርመራ ግን ፋልከኖች ከስፓሮውሆክና ከንስር ይልቅ ለበቀቀንና ለዘማሪ አዕዋፍ እንደሚቀርቡ አሳየ፥ ከዚያ ወዲህ የተደረጉትም ምርመራዎች ይህንኑ ደግፈዋል። እኔም ይህን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን የጉጉት ወገን ከየትኛው ቅርንጫፍ ጋር እንደሚቀመጥ ሊቃውንቱ ገና አልተስማሙም፥ ጥንታውያኑ ቅርንጫፎች እጅግ በአጭር ዘመን ውስጥ ስለ ተለያዩ የሥራቸው ቅደም ተከተል ደብዝዟልና፤ ስለዚህ «አዳኝ አዕዋፍ» የሚለው ስያሜ የኑሮ እንጂ የትውልድ ስያሜ እንዳልሆነ ማወቅ ይበቃል።

የመጨረሻው ፈተና ሀሪየር የሚባሉት፥ ከሣርና ከቍጥቋጦ በላይ ዝቅ ብለው በዝግታ የሚያስሱት ናቸው። የሄን ሀሪየር ወንዱ ግራጫ፥ ሴቷ ቡናማ በመሆናቸው ሁለት ዓይነት ወፎች ይመስሉ ነበር፤ ጆርጅ ሞንታግዩ የተባለው እንግሊዛዊ ነገሩን አቃና፥ በ1802 ባሳተመው የአዕዋፍ መዝገበ ቃላትም በስሙ የተጠራውን ሌላውን ሀሪየር ለይቶ አሳወቀ። የሁለቱ ሴቶች ዛሬም የሠለጠነ ዐይንን ያሳስታሉ፤ የሚለዩባቸውም ከላይ የተናገርኋቸው ጣቶች ናቸው፥ የሄን ሀሪየር ክንፍ አምስት፥ የሞንታግዩ ግን አራት ጣት ያሳያልና። ጣቶቹን መቍጠር ካልተቻለም የወሩ ስም ይረዳል፤ የሞንታግዩ ሀሪየር ክረምቱን ከሰሐራ በስተደቡብ ስለሚያሳልፍ፥ በታኅሣሥ ወር በእንግሊዝ ረግረግ ላይ የምትታየው፥ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዷን የምትመስል ሀሪየር፥ ከምሥራቅ አልፎ አልፎ ከሚመጣው እንግዳ ወፍ በቀር፥ ሄን ሀሪየር ናት።