መጠጥ ለማቆም ብቻዎን አይታገሉ፦ የድጋፍ ቡድን እንዴት ይገኛል? ምንስ ይደረግበታል?

መጠጥ ለማቆም የወሰነ ሰው ብዙውን ጊዜ ውሳኔውን በሆዱ ይይዛል። ይሳላል፣ ይምላል፣ ጥቂት ሳምንት ይጸናል፤ ከዚያ ሠርግ ወይም ልቅሶ ይመጣና “ለዛሬ ብቻ” ይባላል። ጽናት የሌለው ሰው ሆኖ አይደለም። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ፍላጎቱ ሲነሣበት የሚደውልለት፣ በዚያው መከራ ያለፈ ሰው አጥቶ ነው። እንዲህ ያለው ሰው የሚገኘው በድጋፍ ቡድን ውስጥ ነው።

ከቡድኖቹ ሁሉ በስፋት የሚታወቀው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ ባጭሩ ኤኤ ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ አክረን ከተማ ነው። ቢል ዊልሰን የተባለው የኒውዮርክ አክሲዮን ነጋዴ መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት ሆኖት ነበር። ለሥራ የሄደበት ጉዳይ ከሽፎበት ሆቴል ውስጥ ብቻውን ሲቀር መጠጡ አማረው። ወደ ቡና ቤቱ ከመግባት ይልቅ ግን ስልክ አንሥቶ ሌላ ጠጪ አፈላለገ፤ ቦብ ስሚዝ ከተባለ ቀዶ ሐኪም ጋር አገናኙት። ለሰዓታት አወሩ። ስሚዝ ብዙም ሳይቆይ መጠጥ ተወ፤ ሁለቱም እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተመለሱበትም።

የኤኤ አሠራር ውጤት እንዳለው በጥናትም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው፣ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ተቋም ግምገማ 27 ጥናቶችን አመሳክሮ፣ ሰዎችን ከኤኤ ጋር የሚያገናኙ የሕክምና ፕሮግራሞች መጠጥን ጨርሶ በማስቆም ረገድ ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች እንደማያንሱ፣ እንዲያውም እንደሚበልጡ አሳይቷል።

መጀመሪያ ሐኪም

ጠዋት ካልቀመሱ እጅዎ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ በድንገት አያቁሙ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው መጠጡን ባንድ ጊዜ ሲተው ላብ፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ይመጣበታል። አንዳንዱን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ያንፈራግጠዋል፤ ከዚያም መቃዠት ሊከተል ይችላል። ይህ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል፤ በሐኪም ክትትልና በመድኃኒት ግን በደኅና ይታለፋል። አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን መጠየቅ ይችላሉ።

ቡድኑን ማግኘት

በውጭ አገር ለሚኖሩ ፍለጋው ቀላል ነው። የኤኤ ድረ ገጽና “ሚቲንግ ጋይድ” የተባለው ነጻ የስልክ መተግበሪያ በአቅራቢያዎ ያሉትን ስብሰባዎች ከነሰዓታቸው ያሳያሉ። “ክፍት” የተባለው ስብሰባ ለማንም ነው፤ “ዝግ” የተባለው መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። ለሴቶች ብቻ የተለዩም አሉ። በአገር ቤት ያሉ ደግሞ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያቸውን “የቡድን ውይይት አለ ወይ?” ብለው ይጠይቁ፤ በኢንተርኔት የሚደረጉ ስብሰባዎችንም ይሞክሩ። በአካባቢው ምንም ከሌለ፣ በኤኤ ልማድ ለማቆም የተሰበሰቡ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ራሳቸው ቡድን ናቸው።

የመጀመሪያው ቀን

ስብሰባው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ምዝገባም ክፍያም የለም፤ አባል ለመሆን የሚያስፈልገው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። ሰዎች ቡና ይዘው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ያስተናግዳል፤ አጭር ጽሑፍ ይነበባል። ከዚያ እያንዳንዱ በመጀመሪያ ስሙ ብቻ ራሱን አስተዋውቆ የደረሰበትን ይናገራል። መሐል ገብቶ የሚመክርም የሚወቅስም የለም። ተራው ሲደርስዎ “ዛሬ ልስማ” ማለት በቂ ነው፤ ማንም አያስገድድዎትም። ለኪራይና ለቡና የመዋጮ ዕቃ ይዞራል፤ አዲስ ሰው እንዲሰጥ አይጠበቅም።

የእኛን ሰው ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ገመናው እንዳይወጣ ነው። ሐበሻ በሚበዛበት ከተማ የሚያውቀኝ ይገኛል ብለው ከሠጉ ራቅ ያለ ሰፈር፣ በሌላ ቋንቋ የሚካሄድ ስብሰባ ይምረጡ። የሚያውቁት ሰው ቢገጥምዎትም፣ እሱም የመጣው በዚያው ችግር ነው፤ እዚያ ያዩትንና የሰሙትን ውጭ አለማውራት የቡድኑ የጸና ልማድ ነው።

የእምነት ጥያቄም ይነሣል። ኤኤ ከየትኛውም ሃይማኖት ጋር አልተያያዘም፤ “12ቱ ደረጃዎች” የሚባሉት የኤኤ መመሪያዎች ስለ ፈጣሪ ቢናገሩም እያንዳንዱ በገባው መንገድ እንዲቀበል ተትቷል። ጸበልዎን፣ ጸሎትዎን፣ ዱዓዎን መተው የለብዎትም። ለሚስት፣ ለባል፣ ለወላጅና ለልጅ ደግሞ አል-አኖን የተባለ የተለየ ቡድን አለ፤ የጠጪው ቤተሰብ ብዙ ተሸክሟልና እሱም ደጋፊ ይገባዋል።

አንዱ ቡድን ካልተስማማዎት ሌላ ይሞክሩ፤ ሰዉም አነጋገሩም ከቡድን ቡድን ይለያያል። ቢያገረሽብዎትም በማግስቱ ይመለሱ፤ የሚያሳፍርዎት የለም፤ ብዙዎቹ ያንን አልፈውታል። ከመጀመሪያው ስብሰባ ሳይወጡ ግን አንድ ነገር ያድርጉ፦ ካቆመ የቆየ፣ ንግግሩ የተስማማዎትን ሰው ስልክ ቁጥር ይቀበሉ። ቁጥሩን ይዘው መቀመጥ ብቻ አይበቃም። ፍላጎቱ ሲነሣ፣ ከመጠጣትዎ በፊት ይደውሉለት፤ ለዚህ ነው የሰጠዎት።