ቆጣሪውና ቴሌቪዥኑ

የመብራት ሂሳብ ከፍ ባለ ቁጥር በብዙ ቤት መጀመሪያ የሚወቀሰው ቴሌቪዥን ነው። «ልጆች፣ አጥፉት! እየቆጠረብን ነው» ይባላል። ልጅ ሳለሁ ተከራይተን የምንኖርበት ግቢ ቆጣሪ የጋራ ነበር፤ ከምሽት 2 ሰዓት ዜና በኋላ ሳይጠፋ የቆየ ቴሌቪዥን ጠብ ያስነሳ ነበር። ቆጣሪው ሥር ቆሞ ያየ ግን አልነበረም።

የድሮው ቆጣሪ መስታወቱ ውስጥ የምትሽከረከር ቀጭን የአሉሚኒየም ሳህን አለችው። በሁለት ጥቅል ሽቦዎች የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ማግኔታዊ ኃይል ፈጥሮ ያዞራታል፤ ቤቱ ብዙ በሳበ መጠን ትፈጥናለች። በዲጂታሉ፣ ካርድ በሚሞላውም ጭምር፣ የሳህኗን ቦታ ብልጭ የምትል ትንሽ መብራት ተክታለች። ስንት ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንደሚሞላ ፊቱ ላይ ተጽፏል። ቁጥሩ 1000 ከሆነ አንዷ ብልጭታ 1 ዋት ሰዓት ናት።

ባለ 32 ኢንች ኤልኢዲ ቴሌቪዥን 50 ዋት ገደማ ይወስዳል። እሱ ብቻ ሲከፈት መብራቷ በ72 ሰከንድ አንዴ ብልጭ ትላለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰካ ግን 3500 ዋት ያህል ስለሚስብ በየሰከንዱ ገደማ ብልጭ ትላለች። የአንድ ሰዓት ጋገራ የ70 ሰዓት ቴሌቪዥን ነው ማለት ነው! በየምሽቱ 4 ሰዓት ብናይ በ30 ቀን 6 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ባለ 100 ሻማ የድሮ አምፖል በዚያው ሰዓት እጥፉን ይበላል። ዝቅተኛው የታሪፍ እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ስለሆነ፣ ስድስቷ ብቻዋን ማንንም ወደ ላይኛው አታሻግርም። እንጀራ ይቅር አልልም። ምጣዱ አንዴ ከጋለ ሳይቀዘቅዝ ሊጡን ሁሉ ጋግሮ መጨረስ ነው ቁጠባው። ቴሌቪዥንና ሪሲቨርም በሪሞት ብቻ ሲጠፉ ጥቂት መሳባቸው ስለማይቀር፣ ሲተኛ ከሶኬት ይነቀሉ።

ቴሌቪዥን ከብዙ የቤት ዕቃ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ አንድ ሰው ቢያየውም ሃያ ሰው ቢያየውም ያው 50 ዋት ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲነግሩ፣ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት የጎረቤቱም ልጆች ቤት ነበር። በመስከረም 1993 ኃይሌ ገብረሥላሴ በሲድኒ ኦሎምፒክ ሩጫ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ሲቀድም፣ ከአንዲት ስክሪን ፊት የተቀመጠ ቤት ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ ብድግ አለ። ያንን ደስታ ለየብቻ በየስልካችን ብናየው ኖሮ እንደዚያ ባላስታወስነው።

ዛሬ ማታ ሌላውን ሁሉ አጥፉና ቴሌቪዥኑን ብቻ ከፍታችሁ ቆጣሪው ሥር ቁሙ፤ ብልጭታዋን ቁጠሩ። ከዚያ ልጆቹን ጥሩና አብራችሁ ተቀምጣችሁ እዩ።