ከፍተኛ ቮልት በደጋ አገር፤ ለኤሌክትሮስታቲክ ማዳመጫ ማጉያ ዕቃ ስለ መምረጥ

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,430 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የአርሲ ደጋ ስስ አየር ኃይሌ ገብረ ሥላሴንና ደራርቱ ቱሉን የመሰሉ ሯጮች አፍርቷል ሲባል እንሰማለን። ይኸው ስስ አየር ለከፍተኛ ቮልት ኤሌክትሪክ ግን አይስማማም። ይህ ነገር ራዲዮና ቴፕ መነካካት ከሚወዱ ተማሪዎች መካከል የኤሌክትሮስታቲክ ማዳመጫ ማጉያ በገዛ እጁ ለመሥራት ያሰበውን ሁሉ ይመለከተዋል። የአርት ፋኩልቲ ተማሪ በዚህ ምን አገባው የሚል ቢኖር፣ ጆሮ ያለው ሁሉ ያገባዋል እላለሁ።

በመጀመሪያ ማዳመጫው ምን እንደሆነ እንይ። በተለመደው የጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ማግኔትና የሽቦ ጥቅል አለ፤ ጥቅሉ ሲንቀሳቀስ የተጣበቀበትን ሽፋን ይገፋል። በኤሌክትሮስታቲኩ ግን ጥቅል የለም። አንድ ወይም ሁለት ማይክሮን ብቻ ውፍረት ያለው፣ ከጠጉር እጅግ የሳሳ የፕላስቲክ ሽፋን በሁለት የተበሳሱ የብረት ሳሕኖች መካከል ተወጥሮ ይቀመጣል። ሽፋኑ በቋሚ ቮልት ይሞላል፤ ድምፁን የተሸከመው ቮልት ደግሞ ለሁለቱ ሳሕኖች በተቃራኒ ይሰጣል፤ ሽፋኑም አንዱ ሲስበው ሌላው እየገፋው ይርገበገባል። ሽፋኑ ክብደት የሌለው ያህል ስለሆነ የክራር ክር ሲመታ ያለውን የመጀመሪያ ቅጽበትና የበገናን ንዝረት ለይቶ ያሰማል። ስታክስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ማዳመጫ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1960 ነበር። ዛሬ የዚሁ ኩባንያ ማዳመጫዎች የሚጠይቁት ቋሚ ቮልት 580 ነው።

እንግዲህ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ይህ ማጉያ የሚፈልገው ቮልት እንጂ ብዙ ኃይል አይደለም። ማዳመጫው 100 ፒኮፋራድ ያህል የሆነ ትንሽ ካፓሲተር ማለት ስለሆነ፣ በ20,000 ኸርዝ 300 ቮልት ቢሰጠው እንኳ የሚወስደው 4 ሚሊአምፔር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ዕቃ ስንመርጥ «ስንት ዋት ነው?» ከማለታችን በፊት «በክፉ ቀኑ ስንት ቮልት ይችላል?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። ድምፁን ብቻ እያሰበ ዕቃ የሚሰበስብ ሰው ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ይሆናል።

1ኛ፤ ትራንስፎርመር። የአገራችን መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ሲሠራ ከመጠን በላይ ይሞቃልና ሁለቱንም ቁጥር አንብቡ። ውጤቱ 300 ቮልት የሆነ ትራንስፎርመር ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሲለወጥ 424 ቮልት ገደማ ይሰጣል። መብራቱ ሲዋዥቅ በመቶ 10 ቢጨምር ደግሞ 466 ይደርሳል።

2ኛ፤ ካፓሲተር። ከላይ ካለው ሒሳብ እንደምናየው «450 ቮልት» የተጻፈበት ካፓሲተር፣ ለ424 የሚበቃ ቢመስልም፣ በዚያ ክፉ ቀን ሊፈነዳ ይችላል። የ350 ቮልት ሁለቱን በተከታታይ አገናኝቶ፣ በእያንዳንዳቸው ላይ ቮልቱን እኩል የሚያካፍል ሬዚስተር መጨመር ይሻላል። ሬዚስተሮቹ ሌላም ሥራ አላቸው፤ ማጉያው ከጠፋ በኋላ የቀረውን ኤሌክትሪክ ያፈሳሉ። 100 ማይክሮፋራድ በ450 ቮልት ተሞልቶ 10 ጁል ያህል ይይዛል፤ ይህም ሰው ለመግደል የሚበቃ ነው። በ220 ኪሎኦም ሬዚስተር በኩል ቢፈስ ወደ 2 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ስለሆነም ሶኬቱ ተነቅሎም ቢሆን፣ በቴስተር ሳይለካ እጅ ወደ ውስጥ አይገባም።

3ኛ፤ ትራንዚስተር። ማጉያው በ+400 እና በ-400 ቮልት መካከል የሚሠራ ከሆነ፣ አንዱ ትራንዚስተር አንዳንዴ ሙሉውን 800 ይሸከማል። ቮልት ማረጋጊያው ተበላሽቶ መብራቱም ቢጨምር ደግሞ 932 ይሆናል። ስለዚህ የ900 ቮልቱ 2ኤስሲ3675 ከወሰኑ ያልፋል፤ የ1,200 ቮልቱ 2ኤስሲ4686ኤ ግን ትርፍ አለው። ሁለቱም ለአሮጌው ባለ መስታወት ቴሌቪዥን የተሠሩ ዓይነቶች ናቸው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ለተማሪ ኪስ ከብዷልና፣ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ወርዶ አሮጌ ሰሌዳ ማገላበጥ ብልኅነት ነው። ይሁን እንጂ የቴሌቪዥኑ መስታወት ከ20,000 ቮልት በላይ ሊይዝ ስለሚችል የሚፈታው የለመደ ጠጋኝ ይሁን። ደግሞም ስሙ በላዩ የታተመበት አስመሳይ ትራንዚስተር አለ፤ ተራ ቴስተር ደኅንነቱን እንጂ ስንት ቮልት እንደሚችል አይነግርም።

4ኛ፤ ሬዚስተር። ሰው ሁሉ ኦሙንና ዋቱን ያያል፤ ቮልቱን ግን ይረሳል። የተለመደው ሩብ ዋት ሬዚስተር ብዙውን ጊዜ የሚችለው 250 ቮልት ነው። 400 ቮልት በሚያርፍበት ቦታ ሁለት ወይም ሦስት በተከታታይ ማድረግ ያስፈልጋል። 580 ቮልቱ ወደ ማዳመጫው በሚሄድበት መንገድ ላይ ያለው 5 ሜጋኦም ደግሞ ከቶ አይቀር፤ ጆሮ አጠገብ ያለው ቮልት ቢያመልጥ ኤሌክትሪኩን ወደ 0.12 ሚሊአምፔር ገደማ የሚወስነው እሱ ነው።

5ኛ፤ ክፍተትና ማቀዝቀዣ። የደጋው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በአሰላ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። አየሩ ሲሳሳ ኤሌክትሮን ከሌላ ቅንጣት ጋር ሳይጋጭ ርቆ ይሮጣል፤ በሩጫውም ብዙ ጉልበት ያከማቻል፤ ሲጋጭም ሌሎች ኤሌክትሮኖችን ያስፈነጥራል፤ ብልጭታውም በአነስተኛ ቮልት ይነሣል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ደንብ የክፍተት ሠንጠረዡን ያወጣው እስከ 2,000 ሜትር ላለ ቦታ ሲሆን፣ ለ3,000 ሜትር በ1.14 አባዙ ይላል። በአንዳንድ የቻይና ቻርጀሮች ላይ የምናየው የተራራ ሥዕል «ከ2,000 ሜትር በላይ አይሁን» ማለት ነው። ስለዚህ በሠንጠረዡ 4 ሚሊሜትር የተባለው የሁለት መስመሮች ርቀት በአሰላ ወይም በበቆጂ 5 ቢሆን ልብ ያርፋል። ሙቀቱም እንዲሁ ነው። አራቱ የማጉያው እግሮች እያንዳንዳቸው በ800 ቮልት 10 ሚሊአምፔር ቢወስዱ 32 ዋት ሙቀት ይወጣል፤ ስስ አየር ሙቀትን በደንብ አይሸከምምና የሙቀት ማስወጫው ብረት ከተጻፈው ይተልቅ። የደጋው ብርድ ጥቂት ያግዛል፤ ሳጥኑ ከተዘጋ ግን ብርዱ ውስጥ አይገባም።

በመጨረሻ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የግዢው ቅደም ተከተል እንዲህ ይሁን፤ መጀመሪያ ፊውዝ፣ የመሬት ሽቦ ያለው መሰኪያና የብረት ሳጥን፤ ቀጥሎ ትራንስፎርመሩና ካፓሲተሩ፤ ትራንዚስተሩ በመጨረሻ። ሶኬቱ የመሬት መስመር ከሌለው ሥራው አይጀመር። ብቻችሁንም አትሥሩ፤ የፊዚክስ ወይም የኤሌክትሪክ ተማሪ ጓደኛ ጥሩ፤ ስትለኩ አንዱን እጅ ከኪስ አድርጉ። ማጉያው በጥቂት ወር ቢዘገይ የሚጎዳ የለም፤ ክራሩ እስኪደርስ ይጠብቃችኋል።