መጠየቅና «ኢንኳየር»

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1925 እስከ 1934 ዓ.ም. በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበሩት ሮበርት ቺስማን ስለ ጣናና ስለ ዓባይ በ1936 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ርእስ ላይ «ኴስት» የሚል ቃል አለ፤ ፍለጋ ማለት ነው። «ኢንኳየር» የተባለውም ግሥ መፈለግ ከሚለው ከዚያው የላቲን ሥር የወጣ ነው፤ ስለዚህ ያላወቁትን ለማወቅ መጠየቅ ነው እንጂ ስጡኝ ማለት አይደለም።

በእኛ ቋንቋ ፈቃድም ዋጋም ይጠየቃል፤ የእንግሊዝኛው «አስክ» እንደዚሁ ለሁለቱም ያገለግላል። ዕረፍት የሚሻ ጸሓፊ ግን በማመልከቻው «ኢንኳየር» ብሎ ቢጽፍ፥ አለቃው ስለ ደንቡ የጠየቀ መስሎት ደንቡን ይልክለታል፤ ዕረፍቱም በዚያው ይቀራል።

«ኢንቱ» ሲከተለው መመርመር ይኾናል። «አፍተር» ሲከተለው የሰው ደኅንነት መጠየቅ ነው፤ ይኸውም የታመመ እንጠይቅ ከምንለው ጋራ ይቀራረባል፥ እንግሊዙ በደብዳቤም ቢኾን ይበቃዋል እንጂ።